ስም የሌላቸው ሰባት ኮራሎች፦ ከደብረ ብርሃን የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ አኳሪየሙን ከአዲስ አበባ አመጣሁት። ባለቤቱ ወደ ሌላ ሀገር የሚዛወሩ ሰው ነበሩ፤ ዓሦቹን ለሌላ ሰው ሰጥተው መስተዋቱን፣ ፓምፖቹን፣ መብራቱንና ኮራል የበቀለባቸውን ሰባት ድንጋዮች በአንድ ዋጋ ለቀቁልኝ። የኮራሎቹን ስም ስጠይቃቸው፣ እሳቸውም ከቀድሞው ባለቤት እንዲሁ ያለ ስም እንደተረከቧቸው ነገሩኝ። በእጃቸው የነበረው ብቸኛ ወረቀት የግዢ ደረሰኝ ሲሆን፣ እሱም «ኮራል፣ ልዩ ልዩ» ከማለት ያለፈ ነገር አልያዘም።

መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ኮራል ሲጨነቅ ዝልግልግ ፈሳሽ ስለሚተፋና የአንዱ ፈሳሽ ሌላውን ሊጎዳ ስለሚችል፣ እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው በባልዲ ውስጥ በራሱ አሮጌ ውሃ አስቀምጬ ክዳኑን ከገጠምኩ በኋላ ባልዲዎቹን እዚሁ ደብረ ብርሃን በተሠራ የሱፍ ብርድ ልብስ ጠቀለልኳቸው። ከአኳሪየሙ ውስጥ 100 ሊትር ያህል ውሃ ጎማውን በአፌ እየሳብኩ ወደ ጄሪካኖች ገለበጥኩ። ሸኖ ላይ ቆመን ስለካ የባልዲዎቹ ሙቀት 24 ዲግሪ ነበር፤ ጫጫን አልፈን ቤት ስንደርስ 22.5 ሆኖ አገኘሁት። ብርድ ልብሱ ባይኖር ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈለግሁም።

ስም እስካገኝላቸው ድረስ ከ1 እስከ 7 ቁጥር ሰጠኋቸው። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አንድ ብቻ ነው፦ ማንነቱ እስኪታወቅ ድረስ እያንዳንዱ ኮራል ይመርዛል፣ ይናደፋል፣ ደማቅ ብርሃንም ያቃጥለዋል ብዬ እይዘዋለሁ። ስለዚህ መብራቱን በ30 ከመቶ ጀመርኩ፤ በየሳምንቱ በ5 ከመቶ እጨምራለሁ። በድንጋዮቹ መካከልም ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተውኩ።

ጥቅምት 5 ቀን

ስለ ውሃው ጥቂት ልጻፍ። የቧንቧውን ውሃ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ካሳለፍኩ በኋላ፣ ለአኳሪየም ተብሎ የሚዘጋጀውን የባሕር ጨው በሊትር 36 ግራም ያህል እየጨመርኩ አንድ ቀን ሙሉ በፓምፕ አማስለዋለሁ። የጨው መጠን በሚለካው ሪፍራክቶሜትር ሲታይ 35 በሺህ ይላል፤ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት የጨዉን ከረጢት አይተው «የአፋር አሞሌ እያለልህ ምን ከውጭ ያስገዛሃል?» አሉኝ። አሞሌው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ እንደሆነ፣ በባሕር ውሃ ውስጥ ግን ከሚሟሟው ጨው 85 ከመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ ቀሪው ሰልፌት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም መሆኑን፣ ድንጋያማ ኮራሎችም አጽማቸውን የሚገነቡት ከካልሲየምና ከካርቦኔት እንደሆነ አስረዳኋቸው። «እንግዲህ የባሕር ወጥ ቅመሙ ብዙ ነው በለኛ» ብለው ሳቁ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም የለኝም።

አሳሳቢው ከፍታችን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 71 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። በ25 ዲግሪ የሚገኝ የባሕር ውሃ በዳርቻው ላይ በሊትር እስከ 6.7 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ እኔ ሳሎን ውስጥ ያለው ከ5 ሚሊ ግራም በታች ነው የሚይዘው። በዚህ ምክንያት ሁለት ፓምፖችን ወደ ውሃው ገጽ አዙሬ ገጹ ሌሊትና ቀን እንዲናወጥ አድርጌያለሁ፤ ዓሣም ለጊዜው አላስገባም። አየሩ ደረቅ ስለሆነ በቀን 3 ሊትር ውሃ ይተናል። የሚተነው ውሃው እንጂ ጨዉ ስላልሆነ፣ የጎደለውን የምተካው ጨው በሌለበት የተጣራ ውሃ ነው፤ 200 ሊትር ከሚሆነው ውሃዬ 3 ሊትር ሳልተካ ብቀር ጨዋማነቱ በአንድ ቀን ከ35 ወደ 35.5 ከፍ ይላል።

አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ። ድንጋዮቹ በመንገድ ላይ ሳይደርቁ በመድረሳቸው እነዚህን ሁለት መርዞች የሚያፈርሱት በውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች አልሞቱም ማለት ነው።

ጥቅምት 10 ቀን

ስም የመፈለጉን ሥራ በቀለም አልጀመርኩም። አንዱ ኮራል በአንዱ መብራት ሥር አረንጓዴ፣ በሌላው ቡናማ ሆኖ ስለሚታይ ቀለሙ የሚያሳስት ምስክር ነው። የማያሳስተው ቁጥር ነው። ኮራሉ ምግቡን የሚይዝባቸውን ቀጫጭን አካላት በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ጣቶች እላቸዋለሁ፤ አንድ ፖሊፕ፣ ማለትም ኮራሉ የተሠራበት እያንዳንዱ ትንሽ እንስሳ፣ ስምንት ጣቶች ብቻ ካሉት ከለስላሳዎቹ ወገን ነው፣ በስድስት የሚባዛ ቁጥር ካለው ግን ከድንጋያማዎቹ ወይም ከእነሱ የቅርብ ዘመዶች ይሆናል። ፓምፖቹን ለአምስት ደቂቃ አቁሜ፣ ውሃው ሲረጋ በአጉሊ መነጽርና በስልኬ ካሜራ አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

ቁጥር 1 እንደ እንጉዳይ ጥላ የዘረጋ፣ ግንዱ ግን ባዶና ቆዳ መሳይ ነው። ፖሊፖቹ በጥላው ላይ ብቻ ናቸው፤ ስምንት ጣት። ሳርኮፊተን እንደሆነ ለመናገር አልተቸገርኩም። ትናንት ሁሉንም ፖሊፖቹን ሰብስቦ ገጹ እንደ ሰም ሲያብረቀርቅ ሞተ ብዬ ነበር፤ ለካ የላዩን ቆዳ ሊገፍፍ ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ስስ ሽፋን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላቅቆ በውሃው ውስጥ ሲንሳፈፍ አገኘሁት።

ቁጥር 2 ሐምራዊ ምንጣፍ ላይ የተነሣ አረንጓዴ ሣር ይመስላል። ይህም ስምንት ጣት ነው፤ ጣቶቹ እንደ ላባ ያልተከፋፈሉ፣ ለዓይን ልሙጥ ሆነው የሚታዩ ስለሆኑ ብራይሪየም ብዬ መዝግቤዋለሁ። እንደ ሰርዶ ስለሚዛመት ከሌሎቹ ለይቼ በደሴት ላይ ለብቻው አስቀመጥኩት።

ቁጥር 3 ረጃጅም ግንድ ያላቸው አበቦች የተሰበሰቡበት ይመስላል። እዚህ ላይ ሊያሳስቱ የሚችሉት ጎኒዮፖራና አልቪዮፖራ ሲሆኑ፣ የሚለያቸው የጣቶቻቸው ብዛት ነው፦ ጎኒዮፖራ 24፣ አልቪዮፖራ 12። ጣቶቹ ስለሚወዛወዙ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ በመጨረሻ ፎቶግራፉን አጉልቼ በእያንዳንዱ ጣት ጫፍ ላይ ነጥብ እያኖርኩ ስቆጥር 24 ሆነ። ጎኒዮፖራ ነው፤ ከረጅም ጊዜ አንጻር ለማኖር አስቸጋሪ መሆኑን ስለማውቅ ደስታዬ ሙሉ አይደለም።

ቁጥር 4 ሙሉ በሙሉ በተነፋ ሥጋና ጫፋቸው ነጭ በሆኑ አጫጭር ጣቶች ተሸፍኖ ስለነበር አጽሙን ማየት አልቻልኩም። ዩፊሊያ ይሆናል ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ። ቁጥር 6 ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው የተዘጉ እብጠቶች ሲሆን እስካሁን አንድም ጊዜ አልተከፈተም። ቁጥር 7 ላዩ እንደ ማር ሰፈፍ የሆነ ድቡልቡል ነው። ቁጥር 5 ግን ለብቻው ሊጻፍለት ይገባል።

ጥቅምት 17 ቀን

ቁጥር 5 የጣት ጥፍር የሚያክሉ ቡናማ ቁልፎች በድንጋዩ ላይ ተደርድረው የተሰፉበት ይመስላል። በእያንዳንዱ ቁልፍ ጠርዝ ላይ ጣቶቹ በሁለት ረድፍ ዙሪያውን ቆመዋል። ድንጋያማ አጽም የለውም። እስከዚህ ድረስ ዞአንቲድ ከሚባሉት የኮራል ዘመዶች ወገን ስለመሆኑ ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ ጥያቄው ዞአንተስ ነው ወይስ ፓሊቶዋ የሚለው ነበር። ፓሊቶዋ የአሸዋ ቅንጣቶችን በሥጋው ውስጥ እየቀበረ ያድጋል፣ ዞአንተስ ግን ይህን አያደርግም። በአጉሊ መነጽር ሳየው ከቁልፎቹ ሥር ያለው ሥጋ ስኳር እንደተነሰነሰበት ዳቦ በነጫጭ ቅንጣቶች ተሞልቷል። ፓሊቶዋ ነው።

ይህ ስም ሲገለጥልኝ የተሰማኝ ደስታ ሳይሆን የመጀመሪያው ቀን ትዝታ ነው፤ ጎማውን በአፌ እየሳብኩ ውሃ የቀዳሁት ቁጥር 5 ካለበት አኳሪየም ነበር። ነዳጅ በአፍ ስቦ ማውጣትን ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየን ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ምንም አልደረሰብኝም፤ ይህ ግን ዕድል እንጂ ጥንቃቄ አይደለም።

በፓሊቶዋ ውስጥ ሊገኝ የሚችለው መርዝ ፓሊቶክሲን ይባላል። በ1971 እ.ኤ.አ. የሃዋይ ኬሚስቶች ሙርና ሾየር ከአንድ የፓሊቶዋ ዝርያ ለይተው ማውጣታቸውን አሳወቁ፤ ሞለኪዩሉ 129 የካርቦን አቶሞች ያሉት እጅግ ውስብስብ በመሆኑ አጠቃላይ አወቃቀሩ የታወቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። መርዙ የሚያጠቃው ሶዲየምን ከሕዋስ እያስወጣ ፖታሲየምን የሚያስገባውን ፓምፕ ነው፤ ፓምፑን ወደ ክፍት በር ይለውጠዋል፣ ሕዋሱም ሚዛኑን ያጣል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም ሊያደርግ የሚችለው የታማሚውን ትንፋሽና ልብ መደገፍ ነው። ሁሉም ፓሊቶዋ እኩል መርዛማ አይደለም፣ አንዳንዱ ከነጭራሹ ላይኖረው ይችላል፤ ነገር ግን መርዙ ያለበትን ከሌለበት በዓይን መለየት ስለማይቻል እኔ ያለው አድርጌ እይዘዋለሁ።

ከሁሉ የከፋው መንገድ እንፋሎት ነው። መርዙን ማፍላት አያጠፋውም፤ ድንጋዩን ለማጽዳት የፈላ ውሃ ያፈሰሱ ወይም የቀቀሉ ሰዎች ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባቸው አስገብተው ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል የገቡባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ምልክቶቹ በአፍ ውስጥ የሚሰማ የብረት ጣዕም፣ ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር፣ የጡንቻ ሕመም ሲሆኑ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ የዓይንን ብሌን ክፉኛ ይጎዳል።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ትናንት ማታ ነው፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ለዚህ ነው በዝርዝር የምጽፈው። ከቁጥር 5 ጎን ተገንጥሎ የወደቀ አንድ ትንሽ ድንጋይ ነበር፤ አራት ቁልፎችና አይፕታሲያ የምትባለው አረም መሳይ ፍጥረት በቅለውበታል። ከውሃው አውጥቼ በሳህን ላይ አስቀመጥኩትና ጓንት ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከቡናው የተረፈውን የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዞ ከሳህኑ አጠገብ ቆሟል። «ጋሼ፣ ይህችን ላፍስበትና በቢላ ልፋቀው፤ ወዲያው ነው የሚለቅ» አለኝ። እጁን ያዝኩት። ማንቆርቆሪያውን ተቀብዬ ወደ ውጭ ካወጣሁት በኋላ ነው መናገር የቻልኩት። ልጁ ሊረዳኝ ስለፈለገ አልተቆጣሁትም፤ ጥፋቱ ድንጋዩን ያለ ምልክትና ያለ ማስጠንቀቂያ ጠረጴዛ ላይ ትቼ የሄድኩት የእኔ ነው።

ድንጋዩን ያስወገድኩት እንዲህ ነው። የናይትራይል ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጌ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ በባልዲ ውስጥ አንድ እጅ በረኪናን በዘጠኝ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ድንጋዩን ከነሳህኑ ነከርኩት። በረኪና ፓሊቶክሲንን ያፈርሰዋል፤ ግማሽ ሰዓት ቢበቃም እስከ ነገ እዚያው እተወዋለሁ። ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ አልጨመርኩበትም፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ አንዱን መርዝ በሌላ መተካት ይሆናል። የነካኩትን ጠረጴዛና መቆንጠጫም በዚያው ውሃ ወለወልኩ።

ከዛሬ ጀምሮ ቁጥር 5 በአኳሪየሙ የኋላ ጥግ ላይ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው። በቦርሽ አይፈገፈግም፣ አይቆረጥም፣ ከውሃ ወጥቶ እንዲደርቅ አይደረግም። እጄ ላይ ጭረት ባለበት ቀን እጄን ውሃው ውስጥ አልከትም። ጎማውን የምስበውም ውሃ ውስጥ ነክሬ ከሞላሁት በኋላ ጫፉን በጣቴ ዘግቼ ወደ ባልዲ በመጣል ነው። በመስተዋቱ ላይ በትልቁ ጽፌ ለጥፌያለሁ፦ «ቁጥር 5፤ አይነካም፣ የፈላ ውሃ አይደፋበትም።»

ጥቅምት 24 ቀን

ዛሬ የወረቀት ሥራ ነው። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኙ ያለ ፈቃድ ከሀገር ወደ ሀገር ሊዘዋወሩ አይችሉም፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት፣ ጉዳዩን የሚከታተለውም የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። አንድ ሾፌር ወዳጄ «ከጅቡቲ ስመለስ ከባሕሩ ዳር ጥቂት ላምጣልህ» ሲለኝ አይሆንም ያልኩት ለዚህ ነው። የቀድሞው ባለቤት የሰጡኝን ደረሰኝና በእጃቸው ስላስተላለፉልኝ የጻፉትን ወረቀት ከዚህ ደብተር ጀርባ ለጥፌያቸዋለሁ።

ኅዳር 5 ቀን

ለሁለት ሳምንት ያህል ያስጨነቀኝ ነገር ምክንያቱ ዛሬ ተገኘ። ፒኤችው (የውሃው የአሲድነት ልኬት፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ጠዋት 8.1 ይሆንና ከሰዓት በኋላ፣ መብራቱ በርቶ በኮራሎቹ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚጠቀሙበትና ከፍ ማለት በሚገባው ሰዓት፣ ወደ 7.8 ይወርዳል። አልካላይኒቲው፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ በራሱ መለኪያ 8.5 ዲግሪ ነው፤ ካልሲየም በሊትር 420 ሚሊ ግራም፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ጨዉን ጠረጠርኩ፣ መመርመሪያውን ጠረጠርኩ፣ ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ተገኙ።

ዛሬ በየግማሽ ሰዓቱ እየለካሁ ስመዘግብ ቁልቁለቱ የሚጀምረው ባለቤቴ ለቡና ከሰሉን ካቀጣጠለች በኋላ መሆኑን አየሁ። በዚህ ብርድ መስኮት የሚከፍት የለም፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳሎኑን ይሞላና በሚናወጠው የውሃ ገጽ በኩል ወደ አኳሪየሙ ገብቶ ፒኤቹን ያወርደዋል። ኦክስጅን ፍለጋ ገጹን እንዲናወጥ ያደረግሁት እኔው ራሴ በሩን ከፍቼለታለሁ ማለት ነው።

ቡናውን ማስቀረት አይታሰብም። ከሰሉ ውጭ በረንዳ ላይ ፍም እስኪሆን ከቆየ በኋላ እንዲገባ፣ አንዱ መስኮትም ገርበብ እንዲል ተስማማን፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ በከሰል ጭስ የሚታፈኑ ሰዎች በየዓመቱ ስላሉ ይህ ለኮራሉ ብቻ ሳይሆን ለእኛም የሚበጅ ነው። የአየር ፓምፑን መሳቢያ ቱቦም በመስኮቱ ክፈፍ በኩል አሳልፌ ወደ ውጭ አወጣሁት። ባለቤቴ «እንግዲህ ለድንጋይ ብለን በብርድ እንለቅ» ስትል ቀለደች፤ ጋቢዋን ግን ቀደም ብላ ለብሳ ነበር።

ኅዳር 8 ቀን

ፒኤች ከሰዓት በኋላ 8.15። እጣኑ ግን ከመስተዋቱ ራቅ ብሎ ይጨሳል።

ኅዳር 21 ቀን

ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ የመጣው ዛሬ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ውጭ ውርጭ ወርዷል፤ የሳሎኑ ሙቀት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 11 ዲግሪ ነበር።

በመጀመሪያ ያደረግሁት በባትሪ የሚሠራውን የአየር ፓምፕ ማስነሣት ነው። ኮራል ብርዱን ለጥቂት ሰዓታት ሊታገሠው ይችላል፣ የኦክስጅን እጦትን ግን በተለይ በእኛ ከፍታ አይታገሠውም። ከዚያ መስተዋቱን በሦስት ጎን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት፤ የላዩን ለአየር ክፍት ተውኩት። ሁለት ሊትር የሚይዙ ሃይላንዶችን በሙቅ ውሃ እየሞላሁ ከነክዳናቸው አንሳፈፍኩባቸው። የእኛ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም እንዲሁ ከተቀዳ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፤ ስለዚህ እስከ 60 ድረስ አበርደው ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፦ እንዲህ ያለ አንድ ጠርሙስ 200 ሊትር ውሃን የሚያሞቀው ግማሽ ዲግሪ ለማይሞላ ነው። ሌሊቱን በሙሉ በቡታጋዝ ሳሞቅ አሥራ አራት ጊዜ ቀየርኩ፤ ውሃው ከ25.5 ተነሥቶ ጠዋት 21.8 ላይ ቆመ።

መብራት ሲመለስ ማሞቂያውን ወዲያው አላበራሁም። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል እቃ ያቃጥላል፤ ደግሞም ሙቀቱ በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ እንዲጨምር አልፈለግሁም። ቁጥር 3 ተሰብስቦ ዋለ፣ የቀሩት ማምሻውን ተከፍተዋል።

ታኅሣሥ 4 ቀን

ቁጥር 3 በአንድ ጎኑ ሥጋው እየሟሟ ነጭ አጽሙ ወጥቷል። የብርዱ ሌሊት ያመጣው ነው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ብርድ አንድ ጎን ብቻ መርጦ አይጎዳም። ጉዳቱ ያለበት ጎን ወደ ቁጥር 4 የዞረው ነው።

ትናንት ማታ 5 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም መብራት ከጠፋ በኋላ፣ የእጅ ባትሪዬን በቀይ የስጦታ መጠቅለያ ላስቲክ ሸፍኜ ቁጭ አልኩ። አብዛኞቹ ኮራሎች ቀይ ብርሃን ብዙም ስለማይረብሻቸው የሌሊት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ቀን ቀን ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጡት የቁጥር 4 ጣቶች መካከል አምስት ወይም ስድስት የሚሆኑት እንደ ክር ቀጥነው፣ ብርሃን አሳላፊ ሆነው፣ በውሃው ፍሰት እየተወዛወዙ ቁጥር 3 ላይ ደርሰዋል። የአንዱን ርዝመት በመስተዋቱ ላይ ካለው ማስመሪያ አንጻር ስለካው 14 ሳንቲ ሜትር ነው። በነኩት ቁጥር የጎኒዮፖራው አበቦች ተራ በተራ ይከደናሉ።

ዛሬ ጠዋት ቁጥር 4ን ላነሣው ስነካው ሥጋውን በሙሉ ሰበሰበ፤ ለሁለት ወር ያህል ሸሽጎኝ የነበረው አጽሙም ያን ጊዜ ታየኝ። እያንዳንዱ ፖሊፕ ከጎረቤቱ ተለይቶ በቆመ ቱቦ ውስጥ ይኖራል፣ በቱቦው አፍ ላይም ስስ የድንጋይ ምላጮች እንደ ኮከብ ጨረር ወጥተዋል። ጋላክሲያ ነው። በእርሳስ የጻፍኩትን ዩፊሊያ ሰርዤ በእስክሪብቶ ጋላክሲያ ብዬ ጻፍኩ። እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርሱ ናዳፊ ክሮች እንደሚዘረጋ የሚነገርለት ይህ ነው፤ የተውኩለት 10 ሳንቲ ሜትር ምንም አልነበረም። ወደ ቀኝ ጫፍ፣ ፍሰቱ ከሌሎቹ አልፎ ወደሚደርስበት የመጨረሻ ቦታ አዛወርኩት፤ ዙሪያው 35 ሳንቲ ሜትር ባዶ ነው። የቁጥር 3ን የሞተ ሥጋ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በቀስታ መጥጬ አወጣሁ። ኮራሎች በውሃው ውስጥ የሚለቋቸውን ኬሚካሎች ለመቀነስም ማጣሪያው ውስጥ አክቲቬትድ ካርቦን ጨመርኩ፤ የምድጃ ከሰል ይህን ሥራ አይሠራም።

ታኅሣሥ 5 ቀን

ያው ቀይ ባትሪ ሌላ ነገር አሳየኝ። ሞቷል ብዬ ልጥለው ያሰብኩት ቁጥር 6 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጫፍ ጫፉ ላይ ተከፍቶ ቢጫ ጣቶች አወጣ። ቱባስትሪያ ነው። ይህ ኮራል እንደ ሌሎቹ በሥጋው ውስጥ ብርሃንን ወደ ምግብ የሚለውጡ አልጌዎች የሉትም፤ በመብራት ሥር ሁለት ወር ያስቀመጥኩት እንደ ጾመኛ ነው። በረዶው የቀለጠለት ሽሪምፕ አድቅቄ በሲሪንጅ በእያንዳንዱ አፍ ላይ ትንሽ ትንሽ አኖርኩ። የመጀመሪያው ፖሊፕ ቁራሹን ይዞ እስኪውጠው ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከእንግዲህ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ዘወትር በተመሳሳይ ሰዓት፣ አንድ በአንድ ይበላል። አመጋገቡ ውሃውን ስለሚያቆሽሽ ሳምንታዊውን የውሃ ቅየራ ከ20 ወደ 30 ሊትር አሳደግሁት።

ታኅሣሥ 26 ቀን

ቱባስትሪያው ሰዓቱን ለምዷል፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሽሪምፑን ሽታ ሲያገኝ መብራቱ ሳይጠፋ ይከፈታል። የቁጥር 3 ጉዳት ቆሟል፤ በነጣው አጽም ጠርዝ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር አዲስ ሥጋ አለ። ናይትሬት 8፣ ፎስፌት 0.07፣ ካልሲየም 415፣ አልካላይኒቲ 8.3።

ጥር 4 ቀን

ቁጥር 7 ብቻ ቀረ። የማር ሰፈፍ መሳይነቱ ከፋቪተስ ወይም ከዲፕሳስትሪያ አንዱ እንደሆነ ይጠቁማል። ሁለቱን የሚለየው ግድግዳ ነው፦ በፋቪተስ ጎረቤታሞች አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፣ በዲፕሳስትሪያ ግን እያንዳንዱ የራሱ ግድግዳ አለው፣ በመካከላቸውም ቦይ ይታያል። የእኔው በላይኛው ክፍል የጋራ ግድግዳ ያሳያል፤ ወደ ታች፣ ድንጋዩ በሚታጠፍበት ላይ ደግሞ ቦዩ በግልጽ አለ። ሥጋውን አንሥቶ አጽሙን በማጉያ የሚያይ ባለሙያ ይፈርድ ይሆናል፤ እኔ ግን ስሙን ለማወቅ ብዬ በሕይወት ያለውን አልገፍም።

ስለዚህ በደብተሩ ላይ ቁጥር 7 እንደተባለ ይቆያል፤ ዙሪያውን 25 ሳንቲ ሜትር ባዶ፣ መካከለኛ ብርሃን፣ መካከለኛ ፍሰት። ማታ በቀይ ባትሪ ሳየው በየጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አጫጭር ጣቶች አውጥቶ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ።